ጎተራው የማን ነበር?

ባለፈው ወር እንግሊዞች አሜሪካ ላይ ስለመሠረቷቸው የመጀመሪያዎቹ የቅኝ ግዛት ሰፈሮች አጭር ነገር ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ደስ አለኝ። ብዙ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይሄ ርዕስ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚታለፍ ነበር። ልጆቹ ዓመተ ምሕረቱን ሸምድደው ፈተናውን ያልፋሉ። ሰዎቹ ምን በሉ? ማን አዘዛቸው? ማታ የት ተኙ? ይሄን የሚጠይቅ አልነበረም። እናንተ ጠየቃችሁ። ሰባቱን መርጬ እመልሳለሁ። የታሪኩ ዓመቶችና ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*«ቲቸር፣ እንደምን አሉ? ጄምስታውን የሰፈሩትን ሰዎች ማን ነበር የሚገዛቸው? ንጉሡ ነው ወይስ ራሳቸው ናቸው?» የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሽንብጥ፣ ባሕር ዳር*

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ንጉሡም አይደለም፣ ራሳቸውም አይደሉም። ኩባንያ ነው የገዛቸው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጀምስ በ1606 ለለንደን ነጋዴዎች የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠ። ነጋዴዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ሦስት መርከብ አሰናዱ። በግንቦት 1607 ወደ 104 የሚሆኑ ሰዎች ዛሬ ቨርጂኒያ በሚባለው አገር፣ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ትንንሽ ልጆችም አሉባቸው። መሬቱ ጠፍ አልነበረም። የፓስፓሄግ ሕዝብ አገር ነው። ከፓስፓሄግ በላይ ደግሞ ሠላሳ ያህል ነገድ የሚገብርለት ታላቅ አለቃ ነበር። ስሙ ዋሁንሰናካው ነው፤ እንግሊዞቹ ፖውሃታን ይሉታል። ይሄንን አስቀድሜ የምነግርሽ ሌላው ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

አሁን የሣጥኑን ነገር ስሚ። ኩባንያው መሪዎቹን ለንደን ሆኖ መርጧል። ስማቸውን ጽፎ ሣጥን ውስጥ አሸገው። አሜሪካ ሳይደርሱ እንዳይከፈት አዘዘ። እስቲ አስቢው፦ አራት ወር ባሕር ላይ ነሽ፤ አለቃሽ ማን እንደሆነ አታውቂም። ሣጥኑ ሲከፈት ሰባት ስም ወጣ። አንደኛው ጆን ስሚዝ ነው። ስሚዝ ደግሞ በመንገድ ላይ ለአመፅ ያሴራል ተብሎ ታስሮ የመጣ ሰው ነው! ቀሪዎቹ በመጀመሪያ ወንበሩን ከለከሉት። ከመካከላቸው አንዱን ሊቀመንበር አድርገው መረጡ፤ በመስከረም አወረዱት።

እንዲህ ሲወዛገቡ ቆዩና ከ1610 ጀምሮ ነገሩ ወታደራዊ ሆነ። ሕግ ተጻፈ። ከአትክልት ቦታ የበቆሎ እሸት የሰረቀ ይገደላል። ያለ ፈቃድ ዶሮ ያረደም ይገደላል። ከአገሬው ሰው ጋር ያለ ፈቃድ የነገደም እንዲሁ። ደወል ሲደወል ቤተ ክርስቲያን ያልገባ የዕለት ቀለቡን ያጣል። በዚያው ሕግ ውስጥ የቆሻሻ ልብስ እጣቢ መንገድ ላይ መድፋት ተከልክሏል። ከአጥሩ ሩብ ማይል ሳይርቁ መጸዳዳትም ክልክል ነው። ሩብ ማይል 400 ሜትር ነው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ያ አንቀጽ ከሁሉም በላይ ሰፈሩን ያሳየኛል። ምን ያህል እንደቆሸሸና በበሽታ ምን ያህል ሰው እንዳለቀ ከዚያ ይገባሻል።

የተመረጠ ሸንጎ የመጣው በ1619 ነው። ሐምሌ 30 ቀን ከ11 ሰፈሮች 22 ተወካዮች ጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀመጡ። ስድስት ቀን ብቻ ነው የሠሩት። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ አንዱ ተወካይ በመሀል ሞተ። የትምባሆ ዋጋ ወሰኑ። ስለ ቁማርና ስለ ስካር ደነገጉ። በዚያው ሰሞን ዝፍትና ብርጭቆ ሊሠሩ የመጡ የፖላንድ ባለሙያዎች መምረጥ ተከልክለው ነበር፤ ተከራክረው መብቱን አገኙ። ኩባንያው ግን ብዙም አልቆየ። በ1624 ንጉሡ ፈቃዱን ነጥቆ ቨርጂኒያን በራሱ ሥር አደረገ።

*«እትዬ፣ ወንዝ ዳር ሰፍረው፣ ጫካ ከቧቸው እንዴት በረሃብ አለቁ? እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ሐይቁ እያለ እንዴት ይራባል?» ከባሕር ዳር*

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። እነሱም መጀመሪያ እንዳንተ ነበር ያሰቡት። በመጀመሪያው በጋ ስተርጅን የሚባል ትልቅ ዓሣና ሸርጣን እየበሉ ቆይተዋል። ነገር ግን ያ ዓሣ እንደ አምባዛና እንደ ቀረሶ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ወቅት አለው። ብርዱ ሲመጣ ይሄዳል።

ውሃውን ልንገርህ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ቁልቁል ብቻ ነው የሚፈሰው። የነሱ ወንዝ ግን ባሕሩ ሲሞላ ወደ ኋላ ይመለሳል። በጋ ላይ ወንዙ ሲቀንስ ጨው ይዞ ይመጣል። የጣሉትን ቆሻሻ ደግሞ አይወስድላቸውም፤ እዚያው ያዞረዋል። እነሱ ከዚያ ይጠጣሉ። ተቅማጡና ትኩሳቱ ከዚያ መጣ።

ቀለባቸው ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ስንዴና ያንኑ ያህል ገብስ ነበር፤ በውሃ ተቀቅሎ። እህሉ መርከብ ውስጥ 26 ሳምንት ስለቆየ ትሉ ከፍሬው እኩል ነበር። በጥር 1608 ከ104ቱ የተረፉት 38 ብቻ ናቸው።

ለምን አላረሱም ትለኝ ይሆናል። ሲደርሱ የዘር ጊዜ እያለፈ ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የባላባት ልጆች ናቸው፤ እርፍ ይዘው አያውቁም። ቀጥሎ የመጣው መርከብ ወርቅ አንጥረኛና ሽቶ ቀማሚ ጭኖ ነበር። ኩባንያው ወርቅ ነው የፈለገው። ሰማዩም ጨክኖባቸዋል። በዚያ አገር ያረጁ ዛፎች ቀለበት ተቆጥሮ እንደታየው ከ1606 እስከ 1612 የነበረው ድርቅ በ770 ዓመት ውስጥ የከፋው ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው ራሱ የሚተርፈው እህል አልነበረውም።

እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በጎረቤት በቆሎ ነው። ዘጌን ታውቃለህ። እዚያ በሬ አይጠመድም፤ ከጥንት ጀምሮ ማረስ ክልክል ነው። ሰዎቹ ግን ቡናቸውንና ጌሾአቸውን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ያመጣሉ፣ እህል ይዘው ይመለሳሉ። የሚሸጥ አላቸው። ጎረቤቱም በሰላም ይገዛቸዋል። ጄምስታውኖች መዳብና ዶቃ ነበራቸው። ስሚዝ በዚያ በቆሎ ይለውጥ ነበር። አልሸጥም ያለውን በጠመንጃ ያስፈራራል። ጎረቤት እንዲህ ተይዞ ስንት ጊዜ ይታገሣል?

በ1609 ስሚዝ ቆስሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አዳዲሶቹን አለቆች የያዘችው መርከብ ቤርሙዳ ላይ ተሰብራ ቀረች። ፖውሃታን ሰፈሩን ከበበ። ከአጥሩ የወጣ ይገደላል። ታዲያ መረብህ ቢኖርህ፣ ዓሣው ቢኖር፣ ወንዙ ድረስ እንዴት ትሄዳለህ? ፈረስ በሉ። ውሻና ድመት በሉ። አይጥ በሉ። የጫማ ቆዳ ቀቀሉ። ሰፈሩ ውስጥ ክረምቱን ከገቡት 300 ያህል ሰዎች በግንቦት 1610 የተገኙት 60 ገደማ ናቸው።

በ2012 አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ሰፈር ጓዳ ውስጥ የአንዲት ልጅ የራስ ቅል አገኙ። 14 ዓመት ገደማ ናት። ጄን ብለው ጠሯት። አጥንቷ ላይ የቢላዋ ምልክት አለ። ከሞተች በኋላ ተበልታለች። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ ይሰበር ነበር። ያው ዕድሜ ያላቸው ልጆች ፊቴ ተቀምጠው ነበርና።

*«በገዳማችን ማዕዱም ሥራውም የጋራ ነው፣ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል። እርስዎ ግን ጄምስታውን ላይ የጋራ ጎተራ ሰውን ሰነፍ አደረገ ብለው ጽፈዋል። እንዴት ነው?» ዲያቆን፣ ከጣና ደሴቶች*

ዲያቆን፣ ይሄ ጥያቄዎ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ባለፈው የጻፍኩት ጎደሎ ነበር። ላስተካክለው።

ጄምስታውን ላይ ሰፋሪው የኩባንያው ሠራተኛ ነበር። ያረሰውም፣ ያጠመደውም፣ የቆረጠው እንጨትም ወደ ኩባንያው ጎተራ ይገባል። ከዚያ ቀለብ ይሰፈርለታል። ብዙ የሠራም ያልሠራም እኩል ነው። ሰው ዳተኛ ሆነ። ስሚዝ የሐዋርያውን ቃል አነሣ፤ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» አለ። ትንሽ ተሻሻለ። በ1610 የሥራ ሰዓት ወጣ፦ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4፣ ከዚያ ከ8 እስከ 10። በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከበሮ እየተመታ፣ ቅጣቱም እያለ፣ ጎተራው አልሞላም።

በ1614 አካባቢ አገረ ገዥው ቶማስ ዴል ለነባሮቹ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ኤከር መሬት ሰጠ። በጎጃም ልኬት አምስት ቃዳ ገደማ ነው። ግብሩ ሁለት በርሜል ተኩል በቆሎ ነው። በዓመት አንድ ወር ደግሞ ለኩባንያው ይሠራሉ። የቀረው የራስ ነው። እዚያ የነበረ ጸሐፊ እንደመሰከረው ድሮ ሠላሳ ሰው ያመርተው የነበረውን አሁን ሦስት ሰው አመረተው። በሰሜን በኩል በፕሊመዝ የሰፈሩትም በ1623 እንዲሁ አደረጉ። መሬቱን ለየቤተሰቡ ከፋፈሉ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ማሳ ወረዱ።

ያለፈው ጽሑፌ እዚህ ቆሞ ነበር። እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው ያየሁት። እኛ ዘንድ ሁለቱም አለ። የአንድነት ገዳም አለ፤ ሁሉም ወደ ማኅበሩ ይገባል፣ መጋቢው ያከፋፍላል። የቁሪት ገዳም አለ፤ መነኩሴው ድርሻውን ይዞ ራሱን ያስተዳድራል። ሁለቱም ኖረዋል። እንግዲህ ችግሩ አንድነቱ አይደለም። የጎተራው ባለቤት ማነው የሚለው ነው። በገዳሙ ወደ ጎተራ የገባው ተመልሶ ለማኅበሩ፣ ለእንግዳው፣ ለድሃው ይወጣል። መነኩሴው ወዶ ፈቅዶ የገባ ነው። አበምኔቱም ከዚያው ማዕድ ይቆርሳል። ጄምስታውን ላይ ጎተራው ለንደን ላለ ባለአክሲዮን ነው የሚሞላው። ያ ባለአክሲዮን ማሳውን አይቶት አያውቅም። ሰፋሪው የጋራ የሚለው ማኅበር አልነበረውም። ጎተራው የሰው ጎተራ ነበር።

*«እህቴ፣ ሴቶች አልነበሩም እንዴ? ልብሱን ማን ያጥባል? እንጀራውን ማን ይጋግራል?» ባለሱቅ፣ ጢስ ዓባይ*

እህቴ፣ መጀመሪያ አልነበሩም። በ1608 መጨረሻ ሁለት መጡ፣ አንዲት እመቤትና ገረዷ። ገረዷ አን በራስ ትባላለች። በመጣች በጥቂት ወር ውስጥ አንዱን ሠራተኛ አገባች። በሰፈሩ የመጀመሪያው ሠርግ እሱ ነው።

በ1620 ኩባንያው 90 ያህል ሴቶች ላከ፤ ሚስት እንዲሆኑ። ያገባ ሰው የመርከቧን ወጪ 120 ፓውንድ ትምባሆ ይከፍላል። 54 ኪሎ ማለት ነው። ሴቲቱ የማትፈልገውን አታገባም ተብሏል። ቢሆንም ሰው በትምባሆ ሲተመን ማሰብ ይከብደኛል። ትምባሆ በ1612 ጆን ሮልፍ ከሞከረው በኋላ ሰፈሩን እንደ ወረርሽኝ ያዘው። በ1617 የመጣ ገዥ መንገድ ላይ ሳይቀር ተተክሎ አገኘው።

ለትምባሆ ጉልበት ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ ድሃ ወጣቶች ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊያገለግሉ ተፈራርመው ይመጣሉ። የመርከብ የሚከፍልላቸው ጌታ ነው። ከ1618 ጀምሮ ደግሞ ለጌታው ባመጣው ሰው ቁጥር በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መሬት ይሰጠዋል። ብዙዎቹ ውላቸው ሳያልቅ ይሞታሉ።

በነሐሴ 1619 ግን ውል የሌላቸው መጡ። አንዲት መርከብ ከአንጎላ የተማረኩ ሃያ ምናምን አፍሪካውያንን አምጥታ በምግብ ለወጠቻቸው። ሸንጎው ከተቀመጠ ወር አልሞላውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ ከአንድ ካፒቴን ቤት «አንጄላ» የምትባል አፍሪካዊት ተመዝግባለች። ስለ እሷ የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ምን ይሆን? ልብስ የሚያጥበውንና እንጀራ የሚጋግረውን ጠየቅሽኝ። እኔ እሷ ትታየኛለች።

*«ቤታቸውስ ምን ይመስል ነበር?» ግንበኛ፣ ባሕር ዳር*

አየህ፣ ይሄ ቀላል ነው። የእኛ የጭቃ ቤት ነው የሚመስለው። እንጨት ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ በጭቃ ተመርጎ። ክዳኑ ሣር ነው። ሰፈሩ ሦስት ማዕዘን በሆነ የግንድ አጥር ውስጥ ነበር፤ በየማዕዘኑ መድፍ አለ። በጥር 1608 እሳት ተነሥቶ ቤቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ተቃጠለ፤ በዚያ ብርድ። አጥሩን ወንዙ በልቶታል ተብሎ ሲታመን ኖሮ በ1990ዎቹ ግንዶቹ የነበሩበት ጉድጓድ ተገኘ። አፈሩ ውስጥ ጥቁር ክብ ምልክት ትተዋል። እንጨቱ ቢበሰብስም ቀለሙ ቀርቷል።

*«በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰፈራ ተሞክሯል ይባላል። እውነት ነው?» የ71 ዓመት አዛውንት፣ ጎርጎራ*

አባቴ፣ እውነት ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ከሮማኛ አውራጃቸው ገበሬ አምጥተው ወገራ ላይ ለማስፈር ተነሥተው ነበር። ከጎንደር በስተሰሜን ያለው ወገራ ማለት ነው። ሌላም ቦታ ሞክረዋል፤ ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ። ዕቅዱ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ነበር፤ የመጣው ግን ጥቂት ነው። አርበኛው አላስቀመጣቸውም። መሬቱም ባለቤት ነበረው። በ1933 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ ነው) ሁሉም አበቃ። ከአባትዎ ወይም ከአያትዎ የሰሙት ካለ እባክዎ ይጻፉልኝ። እንዲህ ያለው ነገር ከእርስዎ ዕድሜ ሰዎች ጋር እንዳያልፍ እሰጋለሁ።

*«እኛ በቆሎን የባሕር ማሽላ እንለዋለን። ከጣና ጋር ምን አገናኘው?» የቤት እመቤት፣ ደቅ ደሴት*

እህቴ፣ ከጣና ጋር አይደለም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማሽላ ለማለት ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ጄምስታውኖች የለመኑትና የዘረፉት እህል እሱ ነው። በ1610 ተናድደው ፓስፓሄግ ላይ ሲዘምቱ መንደሩን አቃጥለው፣ ያደገውን በቆሎ ቆርጠው ጣሉ። ራሳቸው ተርበው ሳለ!

ፕሊመዝ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። እነሱ በ1620 መጨረሻ 102 ሆነው መጡ። ክረምቱን ግማሾቹ አለቁ። በጸደይ ቲስኳንተም የሚባል የአገሬው ሰው መጣ። እሱ ተጠልፎ ለባርነት ተሸጦ፣ በእንግሊዝ አድርጎ ሲመለስ መንደሩ በሙሉ በወረርሽኝ አልቆ ያገኘ ሰው ነው። በቆሎ እንዴት እንደሚተከል አሳያቸው። ጉብታ ትሠራለህ፣ ዓሣ ትቀብራለህ፣ በላዩ ዘሩን ትጥላለህ። ሠርቶላቸዋል። በመከር ጊዜ የሚበሉት አገኙ።

ባለፈው ግንቦት ጓሮዬ ውስጥ ሞከርኩት። ከዓሣ ገበያው የቀረሶ ጭንቅላት ለምኜ አመጣሁ፣ አምስት ጉብታ ላይ ቀበርኩ። በሦስተኛው ሌሊት የሰፈር ውሾች ቆፍረው አወጡት። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። በ1644 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኢፕስዊች የምትባል ሰፈር ሕግ አውጥታለች። ለሦስት ሳምንት የእያንዳንዱ ውሻ አንድ እግሩ ታስሮ ይቆይ ብላ። እንደኔው ዓሣውን እየቆፈሩ ስላስቸገሯቸው ነው።

ከአምስቱ ጉብታ ሁለቱ ተርፈው ነበር። ነሐሴ ላይ እሸቱን ከሰል ላይ ጠብሼ ከጎረቤቶቼ ልጆች ጋር በላን።